ልጄን ያስረከብኩት አሰልጣኝ

በቁጣ ጀምሬ በቁጣ ልጨርስ ነውና፣ ለስላሳ ነገር የሚፈልግ አንባቢ ካሁኑ ገጹን ቢገልጥ አልቀየመውም። እኔ ተናድጃለሁ። ከተናደድኩ ስምንተኛ ወር ይዣለሁ። ሐኪሜ የደም ግፊቴን ለክቶ "ሲኞራ፣ በጣም ከፍ ብሏል፤ ምን ገጠመዎት?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ቤዝቦል" አልኩት። ትንሽ አየኝና ጨው ይቀንሱ ብሎ ሸኘኝ።

ቤዝቦል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ፤ እኔም ሦስት ዓመት አይቼው በቅጡ አልገባኝም። አንዱ ኳስ ይወረውራል። አንዱ ዱላ ይዞ ይጠብቀዋል። አንዱ ከዱላው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ይቀልባል። የቀሩት ሜዳው ላይ ተበታትነው ሱሪያቸውን ያስተካክላሉ። እንዲህ እየተባለ ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ አንዱ ወገን ዘጠኝ ለሁለት አሸነፈ ይባላል፤ መቼ እንዳገቡት እግዜር ይወቀው። የሮም ልጅ ሁሉ በእግር ኳስ ሲያብድ የኔው ናሆም ይህንን መረጠ። ምህንድስና ተማሪ ነው፣ ሃያ ዓመቱ፣ በእኛ ቤት በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ክንዱ ረጅም ስለሆነ የዩኒቨርሲቲው ቡድን ወርዋሪ አደረገው።

ቤተ ክርስቲያን ደረቴን ነፍቼ "ናሆም እኮ ለዩኒቨርሲቲው ይጫወታል" ስል ሴቶቹ ይከቡኛል።

"ኳስ ነው?"

"ኳስ ነው፤ ግን በእጅ።"

"እ... ቅርጫት ኳስ!"

"አይደለም። ዱላም አለው።"

"ውይ፣ ገና ነዋ! እዚህም ገና ይጫወታሉ እንዴ?"

አይደለም ብዬ ብዬ ሲደክመኝ ተውኩት። እስከ ዛሬ የአጥቢያችን ምእመን ናሆም ጣሊያን አገርን ወክሎ ገና ይጫወታል ብሎ ነው የሚያምነው። አንዲት ሴትዮማ ትጥቁን ማን እንደሚሰፋለት ጠይቃኛለች።

አሁን ወደ አሰልጣኙ ልምጣ። ስሙን አልጠራም። ስጠራው አፌን ይመረኛል፤ ደግሞም ጠበቃ የለኝም። ያንን ቡድን ሃያ ዓመት ይዞታል። የተጫዋቾቹ ክፍል ግድግዳ ሙሉውን የሱ ፎቶ ነው፤ ዋንጫ አቅፎ፣ ዋንጫ ስሞ፣ ዋንጫ ላይ ተደግፎ። ከንቲባ ጨብጧል፣ ጳጳስ ባርኮታል። ሦስት ደቂቃ ካወራችሁት "እኔ አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ስጫወት" ማለቱ አይቀርም። እዚያ አገር ብዙ ዓመት የኖረ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲጣራ አንድ ጸደይ ብቻ ነው፤ እሱንም ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ብዙውን አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈው።

ናሆም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ "ሰውዬውን ልይ" አልኩት።

"ማሚ፣ ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው። እናት አትመጣም።"

"ልጄን የሚይዘውን ሰው ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"ማንም አይይዘኝም! ማ ዳይ፣ ተይ እንጂ!"

እዚህ ሰው ቤት እንደምንሠራ ብዙዎቻችን ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነው። ረቡዕ ማታ ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፣ ሐሙስ በንጹሕ ፎጣ ጠቀለልኩ፣ ከሜትሮ ወርጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩና ሜዳው ድረስ ሄድኩ። ሰውዬው ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ እጁን ከፍ አድርጎ "ኤቲዮፒያ! ያ በባዶ እግሩ የሮጠው! እዚሁ፣ ሮም!" አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እኔ ራሴ የሮጥኩ ያህል ተሰማኝ። ዳቦውን በሁለት እጄ ሰጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጥርት ባለ ጣሊያንኛ እንዲህ አልኩት፦ "ፕሮፌሶሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጅዎ ነው። ካጠፋ ይቅጡት፤ ይምቱትም።"

ናሆም ዓይኑን ጨፈነ።

እዚህ ላይ ፍረዱኝ። እኛ አገር ልጁን ለአስተማሪ የሰጠ ወላጅ ይህንን ሳይል ይመለሳል? እናቴ ለአንደኛ ክፍል መምህሬ ብላዋለች። ወንድሜን ልብስ ሰፊ ዘንድ ስታስገባ ለልብስ ሰፊው ብላለች። እንደ ሰላምታ ነው፤ እንዴት አደሩ እንደማለት ነው። አስተማሪውም "ግድ የለም እናቴ፣ እግዚአብሔር ያሳድገው" ይላል፣ ወላጅም ምርቃቱን ይዞ ይሄዳል፣ በቃ። እርግጥ ውሸት ለምን እናገራለሁ፣ ሰላምታ ብቻ የማይመስላቸው አስተማሪዎችም ነበሩ። ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከሰላምታ አልመጣም። ግን ይህን ያህል ሩቅ አገር መጥቶ፣ ያውም በዚህ ዘመን፣ ቃሌን የሚይዝብኝ ፈረንጅ ይገጥመኛል ብዬ አልጠረጠርኩም። አሰልጣኙ ደስ ብሎት ሳቀ፣ ከዳቦው ቆርሶ ጎረሰ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "እንደርስዎ ያሉ እናቶች ቢበዙ ኖሮ!" አለኝ።

በዚህ ባበቃ ደግ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን የሰውዬው ሃያኛ ዓመት በዓል ተደገሰ። የድሮ ተጫዋቾች መጡ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ ወላጆችን እየዞረ ለማስታወሻ ይቀርጻል። የጣሊያን እናቶች "አውጉሪ፣ ፕሮፌሶሬ" ብለው እንኳን ደስ አለዎን በአጭሩ ተናግረው አለፉ። እኔ ግን መናገር ከጀመርኩ ማቆም የማላውቅ ሰው ነኝ። ከእናቴ ጀመርኩ፣ በየኔታ አለንጋ አለፍኩ፣ ሰው የሆንኩት በዱላ ነው አልኩ፣ ልጄን ሙሉ በሙሉ ለሳቸው ሰጥቻለሁ፣ ቢመቱትም አልጠይቃቸውም፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው ብዬ አሳረግኩ። አሰልጣኙ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። ናሆም በዚያን ሰዓት የት እንደነበረ አላስታውስም። አላየሁትም። ካሜራውን ነበር የማየው።

ከዚያ በኋላ ልጁ ዝም አለ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ዝም ቢል ፍቅር ይዞት ነው ብዬ አለፍኩት። በግራ እጁ ጥርሱን ሲቦርሽ አየሁ፤ ፋሽን መሰለኝ። እግሩን ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፎ አገኘሁት፤ ጫማ ጠቦኝ ነው አለኝ፣ ጫማ ሰፋ ያለ ግዛ አልኩት። አንድ እሑድ ለቅዳሴ ስንሰናዳ ሹራቡን በራሱ ላይ ማሳለፍ አቅቶት ክፍሉ ውስጥ ሲታገል ደረስኩ። ክንዱ ከደረቱ በላይ አይወጣም። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? "ስንፍና እንዲህ ያደርጋል፣ ስፖርቱን ስላቆምክ ነው!" የእናት አንጀት የሚባለው ነገር በዚያን ቀን የት ሄዶ እንደነበረ እኔንጃ።

ስፖርቱን ማቆሙን በምን አወቅኩ? አሰልጣኙ ደውሎልኝ ነዋ። "ሲኞራ፣ ልጅዎ ልምምድ መምጣት ትቷል። መጥፎ ልጆች እየመከሩት ነው። እርስዎ ቃል የሰጡኝ እናት ስለሆኑ ነው የምነግርዎ" አለኝ። እፍረቴን አትጠይቁኝ። በስልክ ሰባት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኩት። አልበቃኝም። ጋሽ ተፈራ ዘንድ ደወልኩ።

ጋሽ ተፈራ በጡረታ ያሉ፣ የኛን ሰው ጠብ ሁሉ የሚያስታርቁ ትልቅ ሰው ናቸው። ባልና ሚስት፣ ዕቁብተኛና ዕቁብተኛ፣ አከራይና ተከራይ አስታርቀዋል። የቤዝቦል አሰልጣኝ ግን አስታርቀው አያውቁም ነበርና ጉጉታቸው ከኔ ባሰ።

"ናሆም፣ ሐሙስ ከጋሽ ተፈራ ጋር ሄደን ይቅርታ ትጠይቃለህ" አልኩት።

"አልሄድም።"

"ካልሄድክ እኔው ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "አንቺ እሱ እግር ላይ? ባስታ፣ በቃ። እሄዳለሁ" አለ። እኔ ደግሞ አሸነፍኩ አልኩ።

ሐሙስ ጋሽ ተፈራ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ከዘራ ይዘው መጡ። ሜዳው መሃል፣ ያቺ ወርዋሪው የሚቆምባት ጉብታ ላይ ወጥተው ቆሙ። ተጫዋቾቹ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ ከበቡን። ጋሽ ተፈራ ጀመሩ፦ "አሎራ፣ ፕሮፌሶሬ። በእኛ ባህል ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይቆጣል፣ ሽማግሌ ይገባል..." ንግግራቸው ረዘመ፤ በመሃል ማን እንደወረወራት እንጃ፣ አንዲት ኳስ በጆሯቸው አጠገብ ሽው ብላ አለፈች። ጋሽ ተፈራ ግን ፍንክች አላሉም። በመጨረሻ በከዘራቸው መሬቱን ጠቆሙና "ናሆም፣ ተንበርከክ" አሉት።

ተንበረከከ። ሃያ ልጅ እያየው። አሰልጣኙ ትንሽ አቆይቶት "ብራቮ። እንዲህ ነው ቤተሰብ። በሉ ሁለት ዙር ይሩጥና ይቅር ተባብለናል" አለ። ጋሽ ተፈራ መረቁ። እኔ፣ ምላሴን በቆረጠው፣ እልል አልኩ። ሜዳው መሃል፣ ሦስት ጊዜ።

ናሆም እየተንገዳገደ መሮጥ ሲጀምር አንድ ቀይ ጸጉር ያለው ልጅ ጓንቱን መሬት ላይ ወርውሮ ወደ እኔ መጣ። ሉካ ይባላል፤ ከዱላው ኋላ ቁጢጥ የሚለው እሱ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ሲኞራ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው? አልነገረዎትም?"

"ምኑን?"

"ትከሻው ከተጎዳ ቆይቷል። አመመኝ ሲለው ሕመሙ ጭንቅላትህ ውስጥ ነው ብሎ ግድግዳ ላይ ሲያስወረውረው ዋለ። ውኃ ፊቱ አስቀምጦ አትጠጣም አለው። ጫማውን አስወልቆ ጠጠሩ ላይ አስሮጠው፤ የአገርህ ሰው እዚሁ ከተማ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም እንዴ እያለ። እኛን ቆማችሁ እዩ ብሎን አየን። እኔንም ሌሎቹንም በየተራ እንዲሁ አድርጎናል። አምስት ሆነን ለዩኒቨርሲቲው ከሰስነው። አቤቱታውን የጻፈው ናሆም ነው።"

አንባቢ ሆይ፣ ልድገመው። ከሳሹን አምጥቼ ተከሳሹ እግር ሥር ያንበረከክኩት እኔ ነኝ። እናቱ። በሽማግሌ። በእልልታ።

ጋሽ ተፈራ የሰሙትን እስኪያጣሩ አልጠበቅኩም። ጫማዬ ለሩጫ አይመችም፣ ተረከዝ ያለው ነው፤ ግን ያን ሜዳ እንዴት እንዳቋረጥኩት እኔም አላውቅም። ናሆምን ከሩጫው በክርኑ ይዤ አስቆምኩት። አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ። ዞሬ በአማርኛ ያወጣሁት ስድብ በጽሑፍ የሚሰፍር ስላልሆነ ልለፈው፤ ጋሽ ተፈራ ራሳቸውን ይዘው "ኧረ በጌታ!" ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሆስፒታል ወሰድኩት። ጅማቱ ተቀድዷል አሉ። ቀደም ብሎ ቢመጣ ሌላ ነገር ነበር፤ አሁን ይታከማል፣ ይጽፍበታል፣ ሹራብ ያወልቅበታል፣ ኳስ ግን አይወረውርበትም አሉ። ናሆም ሐኪሙን አመስግኖ ወጣ። ቤት ስንደርስ ጓንቱን ከበር ኋላ አንሥቶ አልጋው ሥር ሲከተው አየሁት።

አሁን ለናሆም የቀረለት አንድ ነገር ነበር፤ መታመን። ሰውዬው "ልጆቹ ሰነፎች ናቸው፣ ይዋሻሉ" ብሎ ለሁሉም እየነገረ ነበርና። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲሰየም እኔ፣ ናሆም፣ ጋሽ ተፈራ ሄድን። ሦስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ መሃል ያለችው መነጽር ያደረገች ሴት ሰብሳቢ ናት። አሰልጣኙ ክራቫት አስሮ ከጠበቃው ጋር መጥቷል። ጠበቃው ሃያ ዓመቱን ቆጠረ፣ ዋንጫዎቹን ቆጠረ፣ ከንቲባውን አነሣ። ከዚያም "የከሳሹ ቤተሰብ ራሱ ምን እንዳለ እንስማ" ብሎ መብራት አስጠፋ።

ግድግዳው ላይ ወጣሁ። ፊቴ ግድግዳውን አክሏል። ሊፕስቲኬ ቀይ። "ሰው የሆንኩት በዱላ ነው..." እላለሁ። "ቢመቱትም አልጠይቃቸውም..." እላለሁ። አያልቅም! የሰው ልጅ ይህን ያህል ማውራት ይችላል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ የሮም መሬት ደግሞ ሥሩ ሁሉ ባዶ ነው ሲባል እሰማለሁ፣ እኔ ስፈልገው ግን ንቅንቅ አላለም። መብራቱ ሲበራ ጠበቃው ጨመረ፦ ልጁ ከቤተሰቡ ሽማግሌ ጋር መጥቶ በቡድኑ ፊት ተንበርክኮ ጥፋቱን አምኗል፤ ይህ በባህላቸው ያለ ነው፣ ደንበኛዬ ባህላቸውን አከበረ እንጂ ሌላ አላደረገም አለ። በባህላቸው! ትናንት ኢትዮጵያን ካርታ ላይ አሳየኝ ቢሉት ፔሩ ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው ዛሬ ባህሌን ያስተምረኛል! ደሜ ፈላ።

ሰብሳቢዋ "ሲኞራ፣ ይህን ብለዋል?" አለችኝ።

ጋሽ ተፈራ በአማርኛ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾኩ፦ "አላልኩም በይ። ቋንቋው በደንብ አይገባኝም፣ ሌላ ማለቴ ነበር በይ። ማን ያጣራል?"

እውነት እላችኋለሁ፣ ቃጣኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ጣሊያንኛ ስናገር ኖሬ፣ አፌ ላይ መኮላተፉ ሁሉ መጣ። ናሆም ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። እኔን አላየኝም። ከኔ ምንም እንደማይጠብቅ ገባኝ፤ ያ ነው ያነሣኝ።

"ብያለሁ" አልኩ። "ጣሊያንኛዬም ደህና ነው። ዳቦ ይዤ ሄጄ ብያለሁ፣ ካሜራ ላይ ደግሜያለሁ፣ ሽማግሌ ይዤ ሄጄ አንበርክኬዋለሁ። ጥፋቴን ጻፉት፣ ስሜን ከላይ አድርጉት። ግን ሃያ ዓመት የሞላው ሰው የኔ ዕቃ አይደለም፤ ያልነበረኝን ነው የሰጠሁት። ይኼ ሰውዬ ደግሞ ያልተሰጠውን ነው የወሰደው። እሺ፣ ለናሆም እኔ ፈቀድኩ እንበል። የቀሩት አራቱስ? የሉካ እናት ዳቦ አላመጣችም። የሉካ እናት እልል አላለችም። እሱን በማን ባህል ነው ያስጠማው?"

 ሰብሳቢዋ ብዕሯን አንሥታ ረጅም ነገር ጻፈች። ጠበቃው ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። አሰልጣኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ናሆምን ቀና ብሎ አየው።

ውጤቱን ልንገራችሁና ልገላገል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ አምስቱ ልጆች ያሉት እውነት ነው፣ ሰውዬው ከቡድኑ ተነሥቷል ይላል። ደስ ሊለኝ ሲል ደግሞ የድሮ ተጫዋቾቹ ግብዣ ደግሰው "በጤና ምክንያት በክብር ተሰናበተ" ብለው የተቀረጸ ሳሕን እንደሰጡት ሰማሁ። በጤና ምክንያት! በማን ጤና? ፎቶዎቹም ግድግዳው ላይ እንዳሉ ናቸው። እንግዲህ ግፊቴ ለምን እንደማይወርድ ገባችሁ።

ግን ከዚህ ሁሉ የባሰው፣ ከስብሰባው የወጣን ዕለት አውቶቡስ ውስጥ የሆነው ነው። ጋሽ ተፈራ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወረዱ፤ እኔና ናሆም ቀረን። የተናገርኩት ንግግር ልቤን ሞልቶት ነበር። እንደ ጀግና ነበር የተቀመጥኩት።

"ማሚ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?"

"ጠይቅ፣ የኔ ጌታ።"

"ያን ቀን ጠጠሩ ላይ ሲያስሮጠኝ እዚያ ብትኖሪ፣ ታስቆሚው ነበር?"

እንዴታ! ልል አፌን ከፈትኩ። ሉካ ሳይነግረኝ በፊት የነበርኩትን ሴት አሰብኳት፤ ቀይ ሊፕስቲኳን፣ ጎንበስ ማለቷን።

"አላስቆመውም ነበር" አልኩት። "ጫማህን ይዤ ጥግ ላይ እቆም ነበር።"

"ሎ ሶ" አለ። "አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።"

ሲናገር አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።